ፕሪንት ስፑለርን በፓይተን ማስተዳደር፦ ስክሪፕቱ ይጨርሳል፣ ወረፋው ግን እንደተጣበቀ ነው

የአራት ኪሎዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ዴስክቶፕ፣ ሦስት ፕሪንተር። ደንበኞቼ ባብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሰው እስከ በር ይሰለፋል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። አንድ ከባድ ፒዲኤፍ ይላካል። ፕሪንተሩ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ፋይሉን ልሰርዝ ስል "ዲሊቲንግ" ብሎ እዚያው ይቀራል። ከኋላው ያለው ሁሉ አይንቀሳቀስም። እስካሁን የምናደርገው ሰርቪስስ የሚለውን (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረውን) መስኮት ከፍቶ ፕሪንት ስፑለርን፣ ማለትም የህትመት ወረፋውን የሚይዘውን ሰርቪስ፣ ሪስታርት ማድረግ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዳንዴ ያው ፋይል ተመልሶ ይመጣል።

ፊት ለፊት የምትሠራዋ ልጅ አድሚን አይደለችም። እንድትሆንም አልፈልግም፤ የማንም ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ እኔ ወጣ ካልኩ ሥራ ይቆማል።

ፓይተን ትንሽ ትንሽ እችላለሁ። ዊንዶውስን ከፓይተን ለማዘዝ የሚያገለግለውን ፓይዊን32 የሚባል ላይብረሪ ጭኜ ሪስታርት ሰርቪስ የሚለውን ፈንክሽን ጠራሁና "ስፑለር" የሚለውን ስም ሰጠሁት። በእኔ አካውንት አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ ስክሪፕቱ ያለ ምንም ስህተት ይጨርሳል፤ ስፑለሩ ግን "ስቶፒንግ" እንዳለ ነው። በልጅቷ አካውንት ስህተት 5 ብሎ "አክሰስ ኢዝ ዲናይድ" ይላል። የምታውቁ ብታግዙኝ።

ቸርችል ጎዳና
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ለዚህ ፓይተን ምን ያደርግልሻል? ፓወርሼል ኮምፒውተርሽ ላይ አለ። ሪስታርት ሰርቪስ ከፎርስ ጋር፣ አንድ መስመር ነው፤ አለቀ።

የአራት ኪሎዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

እሱንም ሞክሬዋለሁ ወንድሜ። ተጣብቆ ሲገኝ ስፑለሩ እስኪቆም እየጠበቅኩ ነው እያለ ቢጫ ጽሑፍ ይደረድራል። ችግሩ ያው ነው።

የድሮ ቴክኒሻን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እህቴ፣ ስህተት 5ን ለጊዜው እንተወውና "ያለ ስህተት ይጨርሳል" ካልሽው እንጀምር። ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያዝ አንድ አካል አለ፤ ሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር ይባላል። ፓይዊን32ም ሆነ ፓወርሼል፣ ኤስሲ የሚለው የድሮ ትዕዛዝም ቢሆን፣ ሁሉም የሚያናግሩት እሱን ነው። "ስፑለርን አቁም" ስትዪው መልእክቱን ለስፑለር ያደርሳል። ስፑለር "እሺ፣ እየቆምኩ ነው" ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ ፈንክሽኑ ሥራውን ጨርሶ ወደ ስክሪፕትሽ ይመለሳል። ሰርቪሱ ግን ገና አልቆመም። ቀበሌ ማመልከቻ አስገባሽ ማለት ጉዳይሽ አለቀ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ።

የሰርቪስ ሁኔታ በቁጥር ነው የሚነገረው። 1 የቆመ፣ 2 እየተነሳ ያለ፣ 3 እየቆመ ያለ፣ 4 እየሠራ ያለ። ከ5 እስከ 7 ያሉት ለፖዝ የተሰጡ ናቸው፤ ለስፑለር አያስፈልጉሽም። ጤነኛ ስፑለር ከ4 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1 ለመሄድ አፍታ አይፈጅበትም። የተጣበቀ ፋይል ይዞ ከሆነ ግን 3 ላይ ተገትሮ ይቀራል።

አሁን ሪስታርት ሰርቪስ ውስጡ ምን እንደሚሠራ እዪ። ፓይዊን32 ክፍት ኮድ ነው። ዊን32ሰርቪስዩቲል የሚለውን ፋይል ከፍተሽ ማንበብ ትችያለሽ። መጀመሪያ "አቁም" ይላል። ቀጥሎ "ተነሳ" ይላል። ሰርቪሱ ገና 3 ላይ ከሆነ "ቀድሞውኑ እየሠራ ነው" የሚል ስህተት 1056 ይመጣል። ፈንክሽኑ ያንን ስህተት ዋጥ ያደርግና አንድ ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ሌላ ቁጥር ካልሰጠሽው 30 ጊዜ ይደጋግመዋል። በ30ውም ካልሆነለት፣ አሮጌው ሰርቪስ እስኪቆም መጠበቅ ትቻለሁ የሚል አንድ መስመር ስክሪን ላይ ጽፎ ይመለሳል። ስህተት አያነሳም። ስለዚህ ትራይ እና ኤክሴፕት የሚሉትን የፓይተን ስህተት መያዣዎች ብትደረድሪም የምትይዢው ነገር የለም።

ስክሪፕቱን የምታስነሺው በምንድን ነው? በፓይተን ነው ወይስ በፓይተንደብልዩ?

የአራት ኪሎዋ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

በፓይተንደብልዩ ነው ጋሼ። ጥቁሩ መስኮት ብቅ ሲል ደንበኛ ግራ ይጋባል ብዬ።

የድሮ ቴክኒሻን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ይኸው ነው። ፓይተንደብልዩ የሚጽፍበት ስክሪን የለውም። ያቺ አንድ መስመር የትም ሳትታይ ትቀራለች። ለዚህ ነው ያለ ስህተት ጨረሰ የሚመስልሽ።

ስለዚህ ሪስታርት የሚለውን ተዪውና ሥራውን ለየብቻ ከፋፍለሽ እዘዢ። መጀመሪያ ማቆም። እዚህ ላይ ስቶፕ ሰርቪስ ዊዝ ዴፕስ የሚለውን ተጠቀሚ። በስፑለር ላይ የተንጠለጠሉ ሌሎች ሰርቪሶች ይኖራሉ። ፋክስ አንዱ ነው። አንዳንድ የፕሪንተር ሶፍትዌሮችም የራሳቸውን ይጨምራሉ። ከእነሱ አንዱ እየሠራ እያለ ስፑለርን ብቻ አቁም ካልሽ ስህተት 1051 ይመጣብሻል። ይህኛው ፈንክሽን ግን ጥገኞቹን አስቀድሞ ያቆምልሻል። መልሶ አያስነሳቸውም፤ የምትፈልጊው ካለ በኋላ ራስሽ አስነሺው።

ቀጥሎ ዌይት ፎር ሰርቪስ ስታተስ በሚለው 1 እስኪሆን ጠብቂ፤ ጊዜ ገድቢለት። ይህ በጊዜው ካልደረሰ ስህተት ያነሳል፣ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። 1 ከሆነ በኋላ ብቻ ፋይሉን አጽጂ። ከዚያ አስነሺ። 4 እስኪሆን ጠብቂ። እያንዳንዷን እርምጃ ከነሰዓቷ በሎግ ፋይል ጻፊ።

ማጽጃው ቦታ ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሲስተም32፣ ከዚያ ስፑል፣ ከዚያ ፕሪንተርስ የሚለው ፎልደር። ሪስታርት አድርገሽ ያው ፋይል ተመልሶ የሚመጣው እዚያ ስለተቀመጠ ነው። ስፑለር ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ፎልደር ነው። ያልታተመ ካገኘ ሊያትም ይሞክራል። ያው የታመመ ፋይል ነው፣ ያው ቦታ ላይ ይጣበቃል።

የካዛንቺስ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ጥሩ ማብራሪያ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። 3 ላይ ተገትሮ አልንቀሳቀስም ካለ፣ ያለው አማራጭ ፕሮሰሱን (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ራሱን) መግደል፣ ማለትም በግድ መዝጋት ነው። እዚህ ላይ ፒኤስዩቲል የሚባለው ላይብረሪ ያግዛል። ዊን ሰርቪስ ጌት ብለሽ የሰርቪሱን ስም ስትሰጪው ሁኔታውን፣ አነሳሱን፣ የፕሮሰስ ቁጥሩን ሁሉ ይነግርሻል። በዚያ ቁጥር ኪል ማድረግ ነው።

ፒኤስዩቲል ራሱ ሰርቪስ ማስነሳትም ማቆምም አይችልም፤ ያነባል ብቻ። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ነው። ፓይዊን32 ያዛል፣ ፒኤስዩቲል ያያል። እኔ ለማየት ፒኤስዩቲልን የምመርጠው ሁኔታውን በቁጥር ሳይሆን በቃል ስለሚሰጥ ነው፤ ኮዱን ሌላ ሰው ሲያነበው ይገባዋል።

የድሮ ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ትክክል ነህ። ግን ይህንን ለሌሎች ሰርቪሶች እንደወረደ እንዳትወስዱት። ስፑለር ስፑልኤስቪ የሚባል የራሱ ፕሮሰስ ስላለው ብትገድሉት የሚሞተው እሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰርቪሶች ግን ኤስቪሲሆስት በሚባለው ፕሮሰስ ውስጥ ተደራርበው ነው የሚኖሩት። አንዱን ለመግደል ብለህ ኔትወርኩንም ድምፁንም አብረህ ልታጠፋ ትችላለህ። ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 እትም 1703 ወዲህ፣ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ ተነጣጥለዋል። ቢሆንም ሁሉም አይደሉም። ኪል ከማድረጋችሁ በፊት በዚያ የፕሮሰስ ቁጥር ላይ ሌላ ሰርቪስ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ፒኤስዩቲል ሁሉንም ሰርቪስ ዘርዝሮ ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን ማመሳከር ነው።

ቸርችል ጎዳና
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ይህ ሁሉ ከሚሆን የሰርቪሱ ፕሮፐርቲ ውስጥ "ሪከቨሪ" የሚል ገጽ አለ አይደል? ሲወድቅ ራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ማዘዝ አይቻልም?

የድሮ ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡35

ይቻላል፣ ይደረግም። የሚሠራው ግን ፕሮሰሱ ሲሞት ነው። የእህታችን ስፑለር አልሞተም። ሕያው ሆኖ ተጣብቋል። ሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር ሲያየው ደኅና ነው፣ 4 ነው። ወረፋው መንቀሳቀሱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስክሪፕት የሚያስፈልገን ለዚህች ክፍተት ነው እንጂ ዊንዶውስ አስቀድሞ የሚሠራውን ለመድገም አይደለም።

ቁልፍ ያዥ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ስለ ስህተት 5 ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልመልስ። ልጅቷን አድሚን አላደርግም ያልሽው ትልቅ ነገር ነው፣ ያዢው። ስፑለር የሚሠራው ሎካል ሲስተም በሚባለው አካውንት ነው። ከዚያ በላይ ሥልጣን ያለው አካውንት ኮምፒውተሩ ላይ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ፕሪንትናይትሜር የተባለው ቀዳዳ ዓለምን ያስደነገጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በስፑለር በኩል የገባ ሰው ያንን ሥልጣን ይዞ ይወጣ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉ ላበቃው ዊንዶውስ 7 ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቶለታል።

ሁለት መንገድ አለሽ።

አንደኛው ለአንድ ሰርቪስ ብቻ ለአንድ ተጠቃሚ የማስነሳትና የማቆም ፈቃድ መስጠት ነው። እያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱ የፈቃድ ዝርዝር አለው። በኤስሲ ኤስዲሾው ታዪዋለሽ፣ በኤስዲሴት ትቀይሪዋለሽ። አርፒ የሚለው ማስነሳት ነው፣ ደብልዩፒ ማቆም። ጥንቃቄ፦ ኤስዲሴት ዝርዝሩ ላይ አይጨምርም፤ የድሮውን ጥሎ አዲስ ይተካል። ያለውን ሙሉውን ሳትገለብጪ እንዳትነኪው። ደግሞ ይህ የፕሪንተርስን ፎልደር የማጽዳት ፈቃድ አይሰጥሽም። ለአንቺ ጉዳይ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው የምመርጥልሽ ነው። ስክሪፕቱን በታስክ ስኬጁለር (ሥራን በቀጠሮ በሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) በዚያው በሲስተም አካውንት በየደቂቃው እንዲነሳ አድርጊ። ሲነሳ አንድ ፎልደር ውስጥ ምልክት የሆነች ባዶ ፋይል ትኖር እንደሆነ ያያል። ከሌለች ይወጣል። ካለች ያጠፋትና የጽዳት ሥራውን ይጀምራል። ልጅቷ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን አይከን ስትጫን የሚሆነው ያቺ ባዶ ፋይል መፈጠሯ ብቻ ነው። ሥልጣን አልተሰጣትም፣ ጥያቄ ብቻ ነው ያቀረበችው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። በሲስተም የሚነሳ ስክሪፕት ተራ ተጠቃሚ ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ውስጥ በፍጹም መቀመጥ የለበትም። ዴስክቶፕ ላይ ወይም ዲ ድራይቭ ላይ ካስቀመጥሽው፣ ከደንበኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ስክሪፕቱን ቀይሮ የኮምፒውተሩ ጌታ ይሆናል። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አድርጊው። ፓይተኑም ራሱ እንደዚያው። ፓይተንን ስትጭኚ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚለውን ካልመረጥሽ አንድ ተጠቃሚ ሥር አፕዳታ ውስጥ ነው የሚገባው። እሱም ሊቀየር የሚችል ቦታ ነው።

የሒሳብ ክፍል
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10

ከርዕሱ ብዙም ስላልራቀ እዚሁ ልጠይቅ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። የሒሳብ ፕሮግራማችን ከጀርባው የዳታቤዝ ሰርቪስ አለው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግስት ጠዋት ፕሮግራሙን ስንከፍት ዳታቤዙን አላገኘሁም ይላል። ትንሽ ቆይተን ስንከፍተው ይከፈታል። በሌላው ቀን ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዩፒኤሱ ስለደከመ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። ባልደረባዬ ሁለት ደቂቃ የሚያስጠብቅ ስክሪፕት ጽፎ ስታርታፕ ውስጥ አስገባ። ይሠራል፤ ግን መብራት ባልጠፋበት ቀንም ሁለት ደቂቃ ያስቀምጠናል።

የካዛንቺስ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡05

ይህ የሚያምር ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ መብራቱ ውስጥ ነው ያለው።

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። ማታ "ሻት ዳውን" ስትል ያንተ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፤ ሰርቪሶቹና ከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) ግን ተዘግተው አይደለም የሚያድሩት። ያሉበት ሁኔታ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጽፎ ይተኛል። ጠዋት ስታበራው ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ የዳታቤዝ ሰርቪስህ ገና ስትገባ ተነስቶ ነው የሚጠብቅህ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን የሚጻፍ ነገር የለም። ጠዋት ኮምፒውተሩ ከዜሮ ይነሳል። ሁሉም ሰርቪስ እንደ አዲስ ይጀምራል። የእናንተ ዳታቤዝ አነሳሱ "አውቶማቲክ፣ ዲሌይድ ስታርት" ተብሎ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ከተነሱ በኋላ 120 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ካልተቀየረ በቀር የዊንዶውስ ልኬት እሱ ነው። ባልደረባህ ሁለት ደቂቃ ብሎ የደረሰበት ቁጥር ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

መጀመሪያ አነሳሱን ወደ ተራው "አውቶማቲክ" ቀይሩትና እዩት። ኮምፒውተሩ ካልከበደው በዚህ ሊያልቅ ይችላል። ካላለቀ፣ ስክሪፕቱ ጊዜ አይቁጠር፤ ሁኔታ ይጠይቅ። በፒኤስዩቲል በየሰከንዱ የሰርቪሱን ሁኔታ ያንብብ፣ "ራኒንግ" ሲል ፕሮግራሙን ይክፈት። ለማንበብ አድሚን መሆን አያስፈልግም። መብራት ባልጠፋበት ቀን ወዲያው ይከፈታል።

የድሮ ቴክኒሻን
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡40

አንድ ጭማሪ። "ራኒንግ" ማለት ሰርቪሱ ተነሳሁ ብሎ ሪፖርት አድርጓል ማለት ነው። ዳታቤዝ ከሆነ ከዚያ በኋላም ፋይሎቹን ሲፈትሽ ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ መብራት ጠፍቶበት ካደረ። ስለዚህ ስክሪፕቱ "ራኒንግ" ካየ በኋላ በፓይተን ሶኬት ላይብረሪ የዳታቤዙን ፖርት (ጥያቄ የሚቀበልበትን በር) ይሞክር። ፖርቱ ሲመልስ ነው ፕሮግራሙ መከፈት ያለበት።

ደግሞ ለዚያ ዩፒኤስ ባትሪ ግዙለት። ሥራ ላይ እያለ ድንገት የሚጠፋ ዳታቤዝ አንድ ቀን ፋይሉ ተበላሽቶ ይነሳል፤ ያንን ስክሪፕት አያድነውም።

ስድስት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

እኔም ልጠይቅ። ኮምፒውተሬን ከስልኬ ሆትስፖት ነው የማገናኘው። ዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጄን ይበላዋል። ደብልዩዩኤዩሰርቭ የሚለውን የአፕዴት ሰርቪስ በየአምስት ደቂቃው የሚያቆም የፓይተን ስክሪፕት ልጽፍ ነበር። ዲሴብል አድርጌው ነበር፤ ተመልሶ ይነሳል።

ቁልፍ ያዥ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ተመልሶ የሚነሳው ዊንዶውስ የአፕዴትን ሰርቪስ የሚጠብቅ ሌላ ሰርቪስ ስላለው ነው። ዋስ ሜዲክ ይሉታል። ሥራው አፕዴት ሲበላሽ መጠገን ነው። አንተ ዲሴብል ስታደርገው ተበላሸ ብሎ ያስተካክለዋል። ስክሪፕትህ ከእሱ ጋር ሲታገል ይኖራል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ያንን የሆትስፖት ዋይፋይ "ሜተርድ ኮኔክሽን" ብለህ ምልክት አድርግበት። ያኔ ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ማውረድ ይተወዋል። ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውም ውስጥ ግባና ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መቀባበሉን አጥፋው፤ ያወረድከውን ለሌላ ሰው መልሶ ሊልክ ይችላል፣ በአንተ ዳታ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ግቢ ያለውን ዋይፋይ ስታገኝ አፕዴቱን ራስህ አውርድ። ጭራሽ አትዝጋው። ከላይ የጻፍኩትን የስፑለር ቀዳዳ የደፈነው አፕዴት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆንክ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ወደ 11 መሻገር ወይም ለተራዘመው ድጋፍ መመዝገብ አለብህ።

የአራት ኪሎዋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሠርቷል። በምልክት ፋይሉ መንገድ ነው ያደረግኩት። ልጅቷ አይከኑን ትጫናለች፣ ደቂቃ ሳይሞላ ሥራው ይጀምራል። ሎጉ ላይ ሁሉም ከነሰዓቱ ይታያል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስፑለሩ ቁጥር 3 ("እየቆመ ያለ") ላይ ተገትሮ ቀርቶ ነበር። ስክሪፕቱ ጠብቆ፣ ፕሮሰሱን ገድሎ፣ አጽድቶ አስነሳው። እኔ ባንክ ወረፋ ላይ ነበርኩ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ፎልደሩን ሳጸዳ የሁሉም ደንበኛ ሥራ ይጠፋል። ተሰልፎ የቆየ ተማሪ ፋይሉን እንደገና ይልካል። የሚያስቸግረውን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም?

የድሮ ቴክኒሻን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

ይቻላል። ፎልደሩን ከፍተሽ እዪው። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ፋይል አለው። አንዱ መጨረሻው ኤስፒኤል የሚለው ነው፤ የሚታተመው ነገር ራሱ። ሌላው መጨረሻው ኤስኤችዲ የሚለው ነው፤ ማን እንደላከው፣ ለየትኛው ፕሪንተር እንደሆነ የያዘ። ሁለቱም ስማቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው፣ ለምሳሌ 00023። አንዳንዴ ከቁጥሩ በፊት ኤፍፒ የሚሉ ሁለት ፊደላት ታያለሽ።

ስፑለሩ 1 ከሆነ በኋላ በቀን ቀዳሚ የሆነውን ጥንድ ብቻ አውጪ። ሌሎቹን አትንኪ። ስፑለር ሲነሳ የቀሩትን አንብቦ ወደ ወረፋው ይመልሳቸዋል። ሦስት ፕሪንተር ስላለሽ ግን ቀዳሚው ፋይል የግድ የተጣበቀው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከማቆምሽ በፊት ዊን32ፕሪንት በሚለው የዚያው ላይብረሪ ክፍል ኢነም ጆብስን ጠይቂው። ለእያንዳንዱ ፕሪንተር ያለውን ሥራ ከነቁጥሩና ከነሁኔታው ይዘረዝርልሻል። "ዲሊቲንግ" ላይ ያለውን ቁጥር ያዢና ፋይሉን በዚያ ፈልጊ። ስፑለሩ ከመጠን በላይ ደንዝዞ ለዚህም ካልመለሰ ያኔ ሁሉንም ማጽዳት ነው።

ያወጣሻቸውን ፋይሎች ደግሞ ሌላ ቦታ እያስቀመጥሽ አታከማቺ። ኤስፒኤሉ ውስጥ ያለው የደንበኛሽ ጽሑፍ ነው። የሰው መመረቂያ፣ የሰው መታወቂያ፣ የሰው ውል። አጥፊው።

የካዛንቺስ ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ፕሪንተሩ መሃል ላይ የሚቆምበትንም ምክንያት ፈልጊው። ኢቨንት ቪወር ውስጥ የፕሪንት ሰርቪስ ሎግ አለ፤ "ኦፕሬሽናል" የሚለው ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ አብሪው። ከየትኛው ፕሪንተር እንደሚነሳ ይለይልሻል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ከድራይቨር ነበሩ። እስከዚያው ከባዱን ፒዲኤፍ ከፒዲኤፍ ፕሮግራሙ ላይ "ፕሪንት አዝ ኢሜጅ" ብላችሁ ላኩት። ይዘገያል፣ ግን ያልፋል።

ስታዲየም
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡40

የአማርኛ መጻፊያ ኪቦርድ ፕሮግራሜን እንደ ሰርቪስ ላስነሳው ሞክሬ "ራኒንግ" ይላል፣ ግን አይጽፍም። አይከኑም አይታይም። ለምን ይሆን?

የካዛንቺስ ልጅ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡55

ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች የሚኖሩት ሴሽን 0 በሚባል ለብቻው በተለየ ክፍል ነው። አንተ ያለህበት ዴስክቶፕ ሌላ ሴሽን ነው። ሰርቪሱ መስኮት ቢከፍት አንተ አታየውም፣ አንተ የምትጫነውን ቁልፍም እሱ አያገኘውም። ኪቦርድ ሰርቪስ መሆን የለበትም። ስታርታፕ ፎልደር ውስጥ አስገባው፣ ወይም በታስክ ስኬጁለር "ሎግ ኦን ሲደረግ" በሚለው አስነሳው።

ፔንግዊን
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡15

በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ካላችሁ እኔም ልጨምር። ከእትም 15.04 ጀምሮ፣ ማለትም ከኤፕሪል 2015 ወዲህ፣ ሰርቪሶቹን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ነው። ከፓይተን ሲስተምሲቲኤልን በሰብፕሮሰስ መጥራት ይቻላል፤ ወይም ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በዲባስ በቀጥታ ማነጋገር። እዚያም ያው የመጠበቅ ጉዳይ አለ። በዲባስ ስታርት ዩኒት ስትል የሚመለስልህ የሥራ ትኬት ነው። ሥራው ማለቁን የሚነግርህ ጆብ ሪሙቭድ የሚለው ሲግናል ነው፤ እሱን አዳምጥ። ሲስተምሲቲኤል ግን ኖ ብሎክ ካላልከው በቀር ራሱ ይጠብቅልሃል።

ደስ የሚለው የተጠቃሚ ሰርቪስ መኖሩ ነው። ያለ አድሚን የራስህን ሰርቪስ ሆም ፎልደርህ ውስጥ፣ ኮንፊግ ሥር፣ ሲስተምዲ ከዚያ ዩዘር በሚለው ፎልደር አስቀምጠህ ማስነሳት ትችላለህ። ሎግ አውት ስታደርግ ግን አብሮህ ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለግህ ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል ሊንገር በል።

የሒሳብ ክፍል
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡50

ኡቡንቱ ላይ ፕሪንተር ሲጣበቅስ? ቢሯችን ውስጥ አንድ አለ።

ፔንግዊን
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡05

እዚያ የህትመቱን ሥራ የሚመራው ካፕስ የሚባለው ሰርቪስ ነው። ሰርቪሱን ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ካንስል የሚለውን ትዕዛዝ ሞክር። ከሰረዝ ኤ ጋር ወረፋው ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል፣ ሰረዝ ኤክስ ከጨመርክበት ፋይሎቹንም ያጠፋል። ከዚያ ኤልፒስታት ሰረዝ ፒ ብለህ ፕሪንተሩ "ዲሴብልድ" እንዳልሆነ እይ። ስህተት ሲገጥመው ካፕስ ራሱ ሊያቆመው ይችላል። ካቆመው ካፕስ ኢኔብል ብለህ የፕሪንተሩን ስም ጻፍ።